ዴዳን ኪማቲ፦ የጓዶቹን ስም በመዝገብ ያሰፈረው፣ የራሱ መቃብር ያልተገኘው ታጋይ

በናይሮቢ እምብርት፣ በኬንያታ ጎዳና ላይ ሦስት የነሐስ ምስሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የተተከሉት በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ መገባደጃ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከብሪታኒያ ጎን ለተሰለፉ አፍሪካውያን ወታደሮች፣ እንዲሁም ጥይትና ስንቅ በትከሻቸው ተሸክመው ጫካና በረሃ ላቋረጡ ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በአረብኛ የተቀረጸ የመታሰቢያ ቃልም አላቸው። የሰው ስም ግን አንድም የለባቸውም። ሟቾቹ የሚታሰቡት በጅምላ ነው።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ኪማቲ ጎዳና የሚታጠፍ መንገደኛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሌላ የነሐስ ሐውልት ያገኛል። ፀጉሩ የተገመደ፣ በአንድ እጁ ጠመንጃ በሌላው ጩቤ የያዘ፣ የጫካ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ይህኛው ስም አለው፤ ፊልድ ማርሻል ዴዳን ኪማቲ ዋ ዋቺዩሪ ይባላል። የሌለው መቃብር ነው። የብሪታኒያ ቅኝ ገዢዎች የካቲት 18 ቀን 1957 በካሚቲ እስር ቤት ሰቅለው ምልክት በሌለው ጉድጓድ ከቀበሩት በኋላ አፅሙ ያረፈበትን ቦታ እስከ ዛሬ ያሳየ የለም። (ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪማቲ በጫካ ሳለ አጥብቆ ይከታተላቸው ከነበሩት ነገሮች አንዱ የተዋጊዎቹ ስም በመዝገብ እንዲሰፍር ነበር። ይህ ሲታሰብ የሐውልቱ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል።

የደሃ ልጅ ከኒየሪ

ኪማቲ የተወለደው ጥቅምት 31 ቀን 1920 በማዕከላዊ ኬንያ ኒየሪ፣ ቴቱ በሚባለው አካባቢ ነው። አባቱ ዋቺዩሪ የሞቱት እሱ ከመወለዱ በፊት ስለነበር ያሳደጉት እናቱ ዋይቡቲ ናቸው። ካሩናይኒ በተባለው ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ የትምህርት ቤት ክፍያውንም የዛፍ ዘር ከጫካ እየለቀመ ለደን መሥሪያ ቤት በመሸጥ ይሸፍን እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። ከዚያ በቱሙቱሙ ወደሚገኘው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሻገረ። እዚያ ግን ገንዘብ አጠረውና ትምህርቱን አቋረጠ። ንግግር አዋቂነቱና ለጽሑፍ የነበረው ፍቅር ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እንግሊዝኛውም ጥሩ ነበር።

በ1941 ለብሪታኒያ ጦር ተመለመለ። ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። ኋላ ፊልድ ማርሻል የሚል ማዕረግ የያዘው ሰው የመደበኛ ውትድርና ልምዱ ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እዚህም እዚያም ሠራ፤ አስተማሪም የወተት ተዋጽኦ ድርጅት ጸሐፊም ሆኖ ነበር። በሥራ ምክንያት የኖረበት ኦል ካሎው በነጭ ሰፋሪዎች እርሻ የተከበበ ከተማ ነው። በአያት በቅድመ አያቶቻቸው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው የሚኖሩ ኪኩዩዎችን ብሶት በየዕለቱ የሚሰማውም እዚያው ነበር። የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት ተቀላቅሎ በኦል ካሎውና ዛሬ ኒያሁሩሩ በሚባለው ቶምሰንስ ፎልስ የቅርንጫፉ ጸሐፊ ሆነ።

መሬት የተሰጣቸውና የተነፈጋቸው ወታደሮች

በኬንያ የመሬት ጥያቄ ከወታደሮች ታሪክ ጋር የተቆላለፈ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ለውለታቸው ብሎ ለነጭ የቀድሞ ወታደሮች ለም የደጋ መሬት በዕጣ አከፋፈለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለብሪታኒያውያን ተመላሽ ወታደሮች ተመሳሳይ የሰፈራ ዕቅድ ወጣ። የነጮች ደጋ በተባለው በዚያ ምድር አፍሪካዊ መሬት ሊኖረው አይችልም ነበር፤ ቢሠራ በቅጥር ነው፣ ቢኖርም በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ሲንቀሳቀስ ደግሞ ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲሄድ ለብዙ ዓመታት ተገድዷል።

ጦርነቱን የተዋጉት ግን ነጮች ብቻ አልነበሩም። የንጉሡ አፍሪካውያን ተኳሾች በተባለው ጦር ውስጥ የኬንያና የጎረቤት አገሮች ልጆች በአስር ሺዎች ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የዚህን ጦር አሻራ ያውቁታል፤ በ1941 ከኬንያ ተነስተው በሶማሊያ በኩል ወደ ሐረርና አዲስ አበባ ከገፉት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በጎንደር ግንባር ጣሊያንን ከወጉት ክፍሎች መካከል እነዚሁ ወታደሮች ነበሩ። ሌሎቹ እስከ በርማ ዘመቱ። ኋላ ጄኔራል ቻይና በሚል ስም የኬንያ ተራራን ተዋጊዎች የመራው ዋሩሂዩ ኢቶቴ ከበርማ ጫካ የተመለሰ ወታደር ነው። እነዚህ ሰዎች ነጭ ሲቆስል፣ ሲፈራና ሲሞት አይተዋል። አገራቸው ሲገቡ የጠበቃቸው ግን ያው የጥንቱ ኪፓንዴ ነበር፤ መሬት የሰጣቸው አልነበረም።

የሞቱትም ቢሆኑ አልተቆጠሩም። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለብሪታኒያ ከሞቱት ውስጥ ቢያንስ 116 ሺህ የሚሆኑ፣ በአብዛኛው ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን፣ በስማቸው ሳይታሰቡ ወይም ጭራሽ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። በኬንያታ ጎዳና ያሉት ሦስት ምስሎች ስም አልባ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው።

መሐላውና ጫካው

በ1950ዎቹ መግቢያ የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ሰዎች መሬታቸውን ለማስመለስ በሌሊት መሐላ መፈጸም ጀመሩ። ቅኝ ገዢዎቹ ንቅናቄውን ማው ማው አሉት፤ ተዋጊዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን የመሬትና የነጻነት ጦር ብለው ነበር። ኪማቲ መሐላውን ፈጽሞ ሌሎችንም ያስምል ጀመር። ጥቅምት 7 ቀን 1952 የቅኝ ግዛቱ ታማኝ የነበሩት አለቃ ዋሩሂዩ በጥይት ሲገደሉ ነገሩ ፈነዳ። ጥቅምት 20 ቀን አገረ ገዢው ኤቭሊን ቤሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ጆሞ ኬንያታና ሌሎች ፖለቲከኞችም በዚያው ሌሊት ከየቤታቸው ተለቅመው ታሰሩ።

ኪማቲም ተይዞ ነበር። ከፖሊስ እጅ አምልጦ ኒያንዳሩዋ የሚባለውን፣ ነጮቹ አበርዴር ያሉትን ሰንሰለታማ ተራራ ተያያዘው። ያ ተራራ እስከ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ቀርከሃው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጎሽና ዝሆን ይርመሰመስበታል። ከሰማይ የብሪታኒያ አየር ኃይል ቦምብ ይዘንብበት ነበር። ተዋጊዎቹ ከፖሊስ የማረኩት ጥቂት ጠመንጃ ነበራቸው፤ የቀረውን ከውሃ ቧንቧ፣ ከበር መቀርቀሪያና ከላስቲክ ራሳቸው ይሠሩት ነበር። እንዲህ ያለው ጠመንጃ አንዳንዴ ከፊት ያለውን ጠላት ሳይሆን የተኳሹን እጅ ይመታል።

ኪማቲን ከሌሎቹ የጫካ አዛዦች የለየው ጀግንነቱ ብቻ አልነበረም። ጀግና በዚያ ጫካ ሞልቷል። እሱን የለየው ጽሑፍ ነው። በነሐሴ 1953 ምዋቴ በተባለ ስፍራ ብዙ ተዋጊዎች የተገኙበት ትልቅ ጉባኤ ተካሄደ፤ የኬንያ የመከላከያ ምክር ቤት የተቋቋመውና ጦሩ በክፍል በክፍል የተደራጀው እዚያ ነው። ኪማቲ መሪው ሆነ። ጸሐፊው የነበረው የቀድሞ አስተማሪ ካራሪ ንጃማ ኋላ ባሳተመው ትዝታው እንደተረከው፣ አዛዦቹ የተዋጊዎቻቸውን ስም፣ የተደረገውን ውጊያና የጠፋውን ሕይወት በደብተር እንዲይዙ ታዘዙ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ነጻነት ሲመጣ ማን እንደታገለ፣ ማን እንደወደቀ፣ የማን ልጅ አባቱን እንዳጣ የሚናገር ማስረጃ ያስፈልጋል። ከሁለት የዓለም ጦርነቶች በኋላ የአፍሪካውያን ወታደሮች ድካም እንዴት እንደተረሳ የሚያውቅ ትውልድ ነበር።

በየካቲት 1954 የመከላከያ ምክር ቤቱ በኬንያ ፓርላማ ተተካ፤ ኪማቲ በጫካው ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተመረጠ። ቃለ ጉባኤ ይጻፍ ነበር፤ ለቅኝ ገዢ ባለሥልጣናት ደብዳቤ ይላክ ነበር። በፊርማው ላይ ፊልድ ማርሻል ሰር ዴዳን ኪማቲ ብሎ የእንግሊዝን የክብር ማዕረግ ለራሱ መደረቡ ጠላቶቹን አስቋቸዋል። ነገር ግን ማዕረግ የመስጠት ሥልጣን የንግሥቲቱ ብቻ ነው ያለው ማን ነው የሚል ጥያቄም በውስጡ ነበረበት። በዓይናቸው ሽፍታ የሆነው ሰው ራሱን የሚያየው መንግሥት እንዳለው ሰው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ጫካው የቅዱሳን መኖሪያ እንዳልነበር መሸሸግ አይገባም። መጋቢት 26 ቀን 1953 ሌሊት ላሪ በተባለ ስፍራ የቅኝ ግዛቱ ታማኞች ናቸው የተባሉ ቤተሰቦች ከነሕፃናታቸው ተጨፈጨፉ፤ መንግሥትና ሚሊሻዎቹ በበቀል የገደሉት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነበር። ኪማቲ ራሱም ጊዜው እየከፋ ሲሄድ ተጠራጣሪ ሆነ፤ ከሃዲ ብሎ ያመነውን አይምርም ነበር። በትምህርትም በአመለካከትም የማይመስለው ስታንሊ ማቴንጌ፣ በተዋጊዎች ዘንድ እጅግ የተከበረ አዛዥ፣ ከእሱ ተለይቶ የራሱን ቡድን አቆመ። የተማሩትና ያልተማሩት የጫካ ሰዎች ጠብ ንቅናቄውን ክፉኛ አዳከመው። ማቴንጌ በ1955 ገደማ ከጫካው ተሰወረ። ወደ ሰሜን አቅንቶ ኢትዮጵያ ገባ የሚል ወሬም ከዚያ ተነሳ፤ ይህ ወሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያልታሰበ ጣጣ ያመጣል።

ከበባ

ብሪታኒያ ጫካውን ያሸነፈችው በቦምብ ሳይሆን ሕዝቡን ከተዋጊው በመነጠል ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1954 በጀመረው ዘመቻ ናይሮቢን ዘግታ ኪኩዩዎችን በአስር ሺዎች እያፈሰች ወደ ማጎሪያ ካምፕ ላከች። በገጠሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከየመንደራቸው ተነቅለው በሽቦና በዘብ በተከበቡ አዳዲስ መንደሮች ተጠረነፉ። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ጫካውን ከእርሻው የሚለይ ረጅም ቦይ በግዳጅ ቆፈሩ፤ ቦዩ ስል እንጨት ተተከለበት። እህል ወደ ጫካ የሚያሻግር ጠፋ። የታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ አንደርሰን በካምፖቹ ያለፉትን ሰዎች ቁጥር ቢያንስ 150 ሺህ ያደርሱታል፤ በአዋጁ ዘመን በስቅላት የተቀጡትን ደግሞ 1,090 ብለው ቆጥረዋል። በንቅናቄው የተገደሉት ነጭ ሰላማዊ ሰፋሪዎች 32 ናቸው።

ኪማቲን እያሳደደ ለመያዝ የተመደበው ኢያን ሄንደርሰን የተባለ፣ ኬንያ ያደገና ኪኩዩኛ አቀላጥፎ የሚናገር የፖሊስ መኮንን ነበር። እጃቸውን የሰጡ ተዋጊዎችን መልሶ የጫካ ልብስ እያለበሰ በቀድሞ ጓዶቻቸው ላይ አዘመታቸው። (ይኸው ሰው ከነጻነት በኋላ ከኬንያ ተባርሮ ወደ ባሕረ ሰላጤው ተሻገረ፤ ለረጅም ዓመታት የባህሬንን የጸጥታ መሥሪያ ቤት መርቷል። በዚያም አገር ስሙ በሰቆቃ ይነሳል።)

ጥቅምት 21 ቀን 1956 ንጋት ላይ፣ አዋጁ በታወጀ በአራት ዓመት ከአንድ ቀን፣ ኪማቲ ከጫካው ዳር ብቻውን ተገኘ። የነብር ቆዳ ለብሷል። ንዲራንጉ ማው የተባለ የጎሳ ፖሊስ ባልደረባ ተኩሶ እግሩን መታው፤ ወድቆ ተማረከ። ተኳሹ እንደ እሱው ኪኩዩ ነበር። የአርበኛና የባንዳን ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። እጁ በሰንሰለት ታስሮ በቃሬዛ ላይ እንደተዘረጋ የተነሳው ፎቶግራፍ በየቦታው እንዲታይ ተደረገ። ፎቶግራፉ የታሰበው ለማዋረድ ነበር። ዛሬ በኬንያ ወጣቶች ልብስ ላይ የሚታየው ያ የተገመደ ፀጉርና ያ ዓይን የተወሰደው ከዚያው ጊዜ ምስሎች ነው።

ችሎቱና ገመዱ

ክሱ በነፍስ ግድያ አልነበረም። ፈቃድ ሳይኖረው ሽጉጥና ስድስት ጥይት ይዞ መገኘት የሚል ነበር። በአስቸኳይ ጊዜው ሕግ ይህ ብቻውን ያሰቅላል። ችሎቱ ኅዳር 19 ቀን 1956 በኒየሪ ተሰየመ፤ የቅኝ ግዛቱ ዋና ዳኛ ኬኔት ኦኮነር ሦስት አፍሪካውያን አማካሪዎችን አስቀምጠው ጉዳዩን መረመሩ። ኪማቲ ከቁስሉ ሳያገግም ቀርቦ ከጫካ የወጣው እጁን ለመስጠት እንደነበር ተከራከረ። አልታመነም። ኅዳር 27 ቀን ሞት ተፈረደበት። ይግባኙ በምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ወደቀ፤ ለንደንም አልተቀበለችውም።

ወይዘሮ ሙካሚ፣ የኪማቲ ባለቤት፣ በዚያን ጊዜ የታሰሩት በዚያው በካሚቲ ነበር። ከመሰቀሉ በፊት እንዲገናኙ ተፈቅዶላቸው የመጨረሻውን ስንብት እንዳደረጉ በኋላ ዘመን ተናግረዋል። ኪማቲ በሞቱ ዋዜማ በኒየሪ ለነበሩ አባ ማሪኖ ለተባሉ ካቶሊክ ቄስ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የጦር አዛዥ አይመስልም። ስለ ልጁ ትምህርት ያስባል፤ ስለ ታሰሩት ሚስቱ ይጨነቃል፤ ሊጠይቁት የመጡትን መነኮሳት ያመሰግናል። ድሮ በጫካ ጉባኤ ላይ ቃል በቃል ያስጽፍ የነበረው እጅ በመጨረሻ የያዘው የአንድ ልጅ ትምህርት ቤት የመግባት ጉዳይ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ በ36 ዓመቱ፣ ተሰቀለ። በእስር ቤቱ ግቢ በዚያው ተቀበረ። በምን ረድፍ፣ በየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ለቤተሰቡ አልተነገረም።

ነጻነት መጣ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 የኬንያ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። በጫካ የቀሩት ተዋጊዎች ፀጉራቸውን እንደገመዱ፣ የነብር ቆዳቸውን እንደለበሱ ወረዱ። አገሪቱ የተቀበለቻቸው በእልልታ ነበር። ከእልልታው በኋላ ግን ጥያቄው መጣ፤ መሬቱስ?

ፕሬዝዳንት ኬንያታ የመረጡት የይቅርታና የመርሳት መንገድ ነበር። ከማው ማው ጋር ስማቸው እንዲያያዝ ብዙም አልፈለጉም። ነጮቹ ለቀው የሚሄዱት እርሻ የተሸጠው በፈቃደኛ ሻጭና በፈቃደኛ ገዢ መካከል ነው፤ ለሰፈራ የተመደበውም ቢሆን ብድርና ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ዓመታቱን በጫካና በማጎሪያ ካምፕ ያሳለፈ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? በአንጻሩ ከቅኝ ገዢው ጎን የቆሙት ደመወዝ ነበራቸው፤ መሬታቸው አልተወረሰም፤ ልጆቻቸውም ተምረዋል። በየሰፈሩ የሆነው ይኸው ነው። የታገለው ለማኝ ሆኖ፣ ያሳደደው አስተዳዳሪ ሆኖ ተገናኙ።

ለኪማቲ የተሰጠው መንገድ ነው። በናይሮቢ ሃርዲንጅ ይባል የነበረው ጎዳና ኪማቲ ተባለ። ማው ማው የተባለው ንቅናቄ ራሱ ግን በቅኝ ግዛት ሕግ እንደታገደ ቀረ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ነጻይቱ ኬንያ ያንን እገዳ አላነሳችም። የቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበር ሊያቋቁሙ ቢፈልጉ ሕገወጥ ነበሩ። መንገዱ በስሙ ይጠራል፤ ጓዶቹ ግን በስማቸው መሰብሰብ አይችሉም ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ስሙን ሕያው አድርገው ያቆዩት ጸሐፍትና ተማሪዎች ናቸው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሚቼሬ ሙጎ በ1976 ስለ ችሎቱ የጻፉት ተውኔት በናይሮቢ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ። በ1990 ከእስር የተፈቱት ኔልሰን ማንዴላ ናይሮቢ በመጡ ጊዜ ኪማቲን በክብር አወሱ፤ ባለቤቱንም የማየት ፍላጎት ነበራቸው። ኬንያ ራሷ በይፋ ያላወሳችውን ሰው እንግዳ ሲያወሳው መስማት ለአስተናጋጆቹ የሚያስደስት አልነበረም።

ከኢትዮጵያ የመጡት አዛውንት

በ2002 መጨረሻ ሥልጣን የያዘው የምዋይ ኪባኪ መንግሥት ያንን ቂም ሊሽር ፈለገ። በ2003 የማው ማው እገዳ ተነሳ። በዚያው ዓመት ከላይ የተጠቀሰው ወሬ ተመልሶ መጣ፤ ጄኔራል ማቴንጌ በሕይወት አሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ገበሬ ሆነው ይኖራሉ ተባለ። አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ተፈልገው ተገኙና የሰኔ 1 ብሔራዊ በዓል ሲቃረብ ናይሮቢ ገቡ። በጭፈራ ተቀበሏቸው፤ የመንግሥት እንግዳ ሆኑ። ሰውየው ኪኩዩኛ አይናገሩም ነበር። ስንት ዓመት ቢያልፍ የእናት ቋንቋ እንዲህ ይጠፋል ወይ ብሎ የጠየቀ አልጠፋም፤ ለማመን የቸኮለው ግን ብዙ ነበር። የዲኤንኤ ምርመራው ውጤት ሲወጣ ከማቴንጌ ቤተሰብ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው ታወቀ። ኢትዮጵያዊው ገበሬ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

በወቅቱ ብዙ ተሳቀበት። ዛሬ መለስ ብሎ ለሚያየው ግን ከሳቁ ይልቅ የሚጎላው ጉጉቱ ነው። አንድ መንግሥት የአንድን አርበኛ ፊት ለማየት ከመቸኮሉ የተነሳ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ተቀበለ። መዝገቡ ቢኖር ኖሮ፣ ስሙና ዕጣ ፈንታው የተጻፈበት ደብተር በብሪታኒያ ወታደሮች ባይማረክ ኖሮ፣ ይህ ላይሆን ይችል ነበር።

ነሐሱና አፅሙ

የኪማቲ ሐውልት የተመረቀው የካቲት 18 ቀን 2007፣ በተሰቀለ በ50ኛው ዓመት ነው። ፕሬዝዳንት ኪባኪ ሸራውን ሲገልጡ ወይዘሮ ሙካሚ በሕይወት ነበሩ። የ2010 ሕገ መንግሥት ደግሞ ጥቅምት 20 ቀን የሚከበረውን የኬንያታ ቀን ማሹጃ፣ ማለትም የጀግኖች ቀን አለው። በኒየሪ አንድ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተጠራ።

ከብሪታኒያ በኩል ነገሩን ያንቀሳቀሰው ፍርድ ቤት ነው። በካምፖቹ ሰቆቃ የተፈጸመባቸው አዛውንቶች በ2009 ለንደን ላይ ክስ መሠረቱ፤ በክርክሩ መካከልም መንግሥት ለዓመታት ደብቆ ያቆየው የቅኝ ግዛት ሰነድ ወጣ። በሰኔ 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ሄግ መንግሥታቸው መጸጸቱን ለፓርላማ ገለጹ፤ ለ5,228 ሰዎች የሚከፋፈል 19.9 ሚሊዮን ፓውንድም ተመደበ። ብሪታኒያ በከፈለችበት ወጪ በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ የተሠራው መታሰቢያ በመስከረም 2015 ተመርቋል። ሐውልቱ አንዲት ሴት ለአንድ ተዋጊ ስንቅ ስታቀብል ያሳያል። ሁለቱ አይተያዩም፤ ቢያዙ አንዱ ሌላውን ለይቶ እንዳያጋልጥ ፊታቸውን አዙረዋል። ስለዚያ ጦርነት ከተሠሩት ሁሉ እውነቱን ቀርቦ የነካው ምናልባት ይህ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጠፋ ሲባል የነበረው የኪማቲ የችሎት መዝገብም ተገኝቶ በ2017 በመጽሐፍ ታተመ። ስለ ሽጉጡ ዓይነት፣ ስለ ጥይቱ ቁጥር፣ ስለ ምስክሮቹ ቃል በዝርዝር ይናገራል። ሬሳው የት እንደገባ ግን የሚናገረው የለም። በ2019 በስሙ የተቋቋመው ድርጅት መቃብሩ በካሚቲ ተገኘ ብሎ አስታውቆ ነበር፤ መንግሥት አስተባበለ።

ወይዘሮ ሙካሚ ከኬንያታ እስከ ሩቶ አምስት ፕሬዝዳንቶችን አይተዋል። አቤቱታቸው አንድ ነበር፤ የባላቸውን አፅም አግኝተው በወግ መቅበር። በግንቦት 2023 አረፉ። ፕሬዝዳንት ሩቶና ብዙ ባለሥልጣናት በተገኙበት በኒያንዳሩዋ፣ ንጃቢኒ በሚባል ስፍራ ተቀበሩ። ካሚቲ ዛሬም እስር ቤት ነው፤ እስረኞች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ የተሰቀሉት ሰዎች ጉድጓዶች ያለ ስምና ያለ ቁጥር አሉ።